ጥድ ባሕር ዛፍ አይደለም

በሰበታ፥ በቡራዩና በሱሉልታ ዛሬ ቤት ሠሪ ሥራውን የሚጀምረው ከመሠረት ቁፋሮ ሳይሆን ከዛፍ ቈረጣ ነው። ቦታው ተገዝቶ፥ ካርታው ተይዞ፥ አጥሩ እንደ ታጠረ በማለዳ የሞተር መጋዝ ድምፅ ይሰማል፤ ከቀትር በፊትም ከባለቤቱ ቅድመ አያት አስቀድሞ የበቀለ ጥድ ወይም ዝግባ በምድር ላይ ይጋደማል። ጎረቤት ወጥቶ ያያል፤ ሕፃናት ቅርንጫፍ ይጎትታሉ፤ ደላላ መጥቶ ግንዱን በዓይኑ ይለካል። ነገር ግን፥ «ይህ ዛፍ ምን ዓይነት ነበረ? ስንት ዘመንስ ቆሞ ነበር?» ብሎ የሚጠይቅ አይገኝም። ስለ ቤቱ መሐንዲስ ተጠይቆአል፤ ስለ ግንቡ ግንበኛ ተጠይቆአል፤ ስለ ዛፉ የተጠየቀው ባለመጋዙ ብቻ ነው፤ ባለመጋዝ ደግሞ ዋጋውን የሚቀበለው በመቍረጥ እንጂ በመተው አይደለም።

ይህ ሁሉ ከክፋት የመጣ ነው ማለት አይቻልም፤ ከልማድ የመጣ ነው። ልማዱንም ለከተማ ሰው ያስተማረው ባሕር ዛፍ ነው። ነገሩ እንዲገለጥ ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ ብዙ ዘመን ሳይቈይ የእንጦጦና የዙሪያው እንጨት ለቤት፥ ለአጥርና ለማገዶ እየተቈረጠ አለቀ፤ ከተማይቱም እንጨት የሚመጣላት ከሩቅ ሆነ። ጭንቀቱ ስለ በረታ ዳግማዊ ምኒልክ በ1893 ዓ.ም. ገደማ በምዕራብ በኩል አዲስ ዓለምን ማሠራት ጀመሩ፤ የመንግሥቱም መቀመጫ ወደዚያ ይዛወራል ተብሎ ነበር። ከመዛወር ያዳናት ባሕር ዛፍ ነው። ትውልዱ ከአውስትራልያ የሆነ፥ ወደ ኢትዮጵያም በ1887 ዓ.ም. ገደማ የገባ፥ ከባሕር ማዶ መምጣቱን በስሙ የሚመሰክር ይህ ዛፍ በጥቂት ዓመት ውስጥ ኰረብታውን አለበሰው፤ ለከተማውም ማገዶና ማገር ሰጠ። ቤተ መንግሥቱ በአዲስ አበባ ቀረ፤ በአዲስ ዓለም የተሠራው አዳራሽም የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ሆነ። በ1905 ዓ.ም. ከባሕር ዛፉ ከሦስት እጅ ሁለቱ እጅ ተነቅሎ በፈንታው የሐር ትል የሚቀለብበት እንጆሪ እንዲተከል አዋጅ ቢወጣ እንኳ አዋጁን የፈጸመ ሰው አልተገኘም፤ ቀዝቃዛ ምድጃ አዋጅ አያነብምና።

ከዚያ ወዲህ የከተማ ሰው ዛፍን የሚያውቀው በባሕር ዛፍ በኩል ሆነ። አባት ይተክላል፤ ከ5 እስከ 10 ዓመት ባለው ጊዜ አጣናው ይደርሳል፤ ይቈረጣል፤ ይሸጣል። ክረምት ሲገባ ከጕቶው ሦስት አራት ቡቃያ ይወጣል፤ ጥቂት ቈይቶም እንደ ገና ይቈረጣል። አንድ ጕቶ አባትንም ልጅንም ይጦራል። ከመቶ ዓመት በላይ ይህን ያየ ዓይን፥ ዛፍ ማለት ሲቈርጡት የሚመለስ ነገር ነው ብሎ ቢያምን አይፈረድበትም። የሚፈረድበት ግን ይህን የባሕር ዛፍ ሕግ ወስዶ በጥድ ላይ ሲያውለው ነው።

ጥድ አይመለስም። ከግርጌው ከተቈረጠ ጕቶው አያቈጠቍጥም፤ ሥሩ በምድር ውስጥ ይሞታል፤ በስፍራው ጥድ የሚቆመው ወፍ ዘሩን ብታመጣ ወይም ሰው ችግኝ ቢተክል ነው፤ ያም ችግኝ ታላቅ ጥድ እስኪሆን የተከለው ሰው አያየውም፤ የልጁም ልጅ ምናልባት አያየውም። ዝግባም 40 ሜትርና ከዚያ በላይ የሚደርሰው በትውልድ ላይ ትውልድ ሲጨመር ነው። እንግዲህ አንዱን ዛፍ የሚቈርጥ ሰው አዝመራ ያጭዳል፤ ሁለተኛውን የሚቈርጥ ሰው ግን ድልድይ ያፈርሳል። መጋዙ አንድ ነው፤ ድምፁም አንድ ነው፤ ሥራው ግን አንድ አይደለም።

በዚህ ስፍራ መጽሐፍ እናውቃለን የሚሉ አንዳንዶች ኢዮብን ይጠቅሳሉ። በመጽሐፈ ኢዮብ በ14ኛው ምዕራፍ ጻድቁ ሰው የተቈረጠ ዛፍ ተስፋ እንዳለው፥ የውሃ ሽታ ባገኘም ጊዜ እንደ ገና እንደሚለመልም ተናግሮአልና፥ «እንግዲያስ ምን ያስጨንቃል?» ይላሉ። ይህ ንባቡን ይዞ ምሥጢሩን መጣል ነው። ኢዮብ የተናገረው ስለ ሰው ሞት ነው፤ ዛፉን ያመጣው ለምሳሌ ነው፤ ለምሳሌም የሚመረጠው ምሳሌ የሚሆነው ነው። ከጕቶው የሚያቈጠቍጥ ዛፍ ስላለ ዛፍ ሁሉ ያቈጠቍጣል ብሎ መተርጐም፥ አልዓዛር ስለ ተነሣ መቃብር ሁሉ ባዶ ነው እንደ ማለት ነው። ይልቅስ ኦሪት ዘዳግምን በ20ኛው ምዕራፍ ቢመለከቱ መልካም ነበር። በዚያ ሕዝቡ ከተማ ከብቦ በሚዋጋበት ጊዜ እንኳ፥ ጦር ተመዝዞ ደም በሚፈስስበት ሰዓት፥ ምሣር የያዘው ሰው አስቀድሞ ዛፉ ምን ዓይነት እንደ ሆነ እንዲለይ ታዝዞአል፤ የሚበላ ፍሬ የሚሰጠው ይተዋል፤ ሌላው ለምሽግ ይቈረጣል። በጦርነት መካከል ዛፍ ከዛፍ ይለይ የተባለ ሰው በሰላም ቀን፥ ሱቅ ለመክፈት ብሎ፥ ሳይለይ ሊቈርጥ የሚችለው በማን ፈቃድ ነው?

በእነዚህ ሦስት ከተሞች ግቢ ውስጥ የቆሙት ታላላቅ ዛፎች ከየት እንደ መጡ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው። ከሰበታ በላይ በወጨጫ ተራራ ጎን ያለው የመናገሻ ሱባ ደን፥ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአውሮፓ አቈጣጠር የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የጥድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። ጥዱ፥ ዝግባው፥ ኮሶው፥ ወይራውና ጥቍር እንጨቱ እስከ ዛሬ በዚያ ይታያል። በሰበታ ግቢ ብቻውን የቀረው ጥድ የዚያ ወገን ነው፤ ደኑ ወደ ተራራው ሲሸሽ እርሱ ከኋላ የቀረ ነው። በቡራዩ በኩል ገፈርሳ የሚባለው ስፍራ፥ ለአዲስ አበባ ውሃ የሚሰጠው ግድብ ያለበት፥ ስሙ በኦሮምኛ ጎሽ ማለት ነው። ዛሬ በገፈርሳ ጎሽ ፈልጎ የሚያገኝ ሰው የለም፤ ስሙ ግን አገሩ ቀድሞ ምን ይመስል እንደ ነበረ ይናገራል። በሱሉልታ ሜዳ፥ ከእንጦጦ በስተ ሰሜን፥ ነፋሱ ብርቱ፥ ብርዱም ጽኑ በሆነበት አገር፥ አንድ ሰፊ ዛፍ ለሰውም ለከብትም ቤት ማለት ነው። የሜዳው ውሃ በሙገር በኩል ወደ ዓባይ ይወርዳል፤ የሰበታውና የቡራዩው ወደ አዋሽ ይሄዳል፤ በዳገቱ ላይ አፈሩን ይዞ የሚያስቀረው የዛፍ ሥር ነው፤ ሥሩ የሞተበት ዳገት በክረምት ወደ ጎረቤት ግቢ ወርዶ ይገኛል።

ከዚህም ሌላ በአገሩ ታላቅ ዛፍ መደበኛ ሸንጎ ነበረ። የኦሮሞ አባቶች የገዳውን ጉባኤ ያደረጉት በኦዳ ሥር ነው። አብርሃም እንግዶቹን የተቀበለው በመምሬ ዛፍ ሥር ነው። የቅኔ ተማሪም ቈጠራውን ይዞ የሚቀመጠው በደብሩ ዛፍ ጥላ ነው፤ ስንት ቅኔ በጥድ ሥር ተቈጥሮ እንደ ወጣ መምህራን ያውቁታል። ባለ ካርታው ግን፥ «በግቢዬ ያለ የእኔ ነው» ይላል። ካርታው የምድሩን ስፋት ይናገራል፤ የዛፉን ዕድሜ ግን አይናገርም። ዛፉ በዚያ ሲቆም ካርታም አልነበረም፤ ማዘጋጃ ቤትም አልነበረም።

አሁን «ዛፉ ቢወድቅብንስ?» ወደሚሉት እንመለስ፤ ክርክራቸው ከሁሉ የሚከብድ ስለ ሆነ መልሱም ሰፋ ማለት ይገባዋል። በክረምት ሌሊት ነፋስ ቆርቆሮውን ሲያንኳኳ፥ ከራስዋ በላይ ታላቅ ዛፍ ቆሞባት ልጆችዋን አቅፋ የምታድር እናት ፍርሃትዋ የሚናቅ አይደለም። ዛፍ ይወድቃል፤ ሰውም ይገድላል። ነገር ግን የትኛው ነው የሚወድቀው? ስለ ምንስ ይወድቃል?

አንደኛው የሚወድቀው በአጥር ዳር ተጠጋግቶ ተተክሎ፥ ብርሃን ለመሻማት ቀጥኖ የረዘመ ባሕር ዛፍ ነው። ባልንጀሮቹ በዙሪያው ሳሉ ነፋሱን እየተካፈሉ ይቆማሉ፤ ጎረቤት የራሱን ረድፍ ቈርጦ ሲሸጥ ግን የቀረው ብቻውን ነፋስ ያልለመደ ሆኖ ይገኛል። ሁለተኛው ሰው ራሱ ያዘጋጀው ነው። የዛፍ ሥር ብዙ ሰው እንደሚመስለው የግንዱን ያህል ወደ ታች የሚሄድ አይደለም፤ አብዛኛው በላይኛው አፈር ውስጥ ተዘርግቶ ከቅርንጫፉ ጫፍ አልፎ ይሄዳል። ባለቤቱ በአንድ ወገን የቤት መሠረት ይቈፍራል፤ በሁለተኛው ወገን የሽንት ቤት ጕድጓድ ይቈፍራል፤ በሦስተኛው ወገን የመንገድ ማሽን መጥቶ ሥሩን ጠርጎ ያልፋል፤ በቀረው ላይ ሲሚንቶ ይፈስስበታል። ለብዙ ዘመን ነፋስ ያልነቀለው ዛፍ እንዲህ በሆነ በጥቂት ክረምት ውስጥ ይወድቃል፤ ሰውም፥ «ዛፍ ጠላት ነው» ይላል። እግሩን የቈረጡትን ሰው ስለ ምን ወደቅህ ብሎ መክሰስ ማለት ይህ ነው።

የሚያስፈራ ዛፍ ምልክት አለው። በክረምት ከግንዱ ግርጌ በአንድ ወገን አፈሩ ተሰንጥቆ ቀና ያለ እንደ ሆነ፥ ቀድሞ ቀጥ ብሎ የነበረው ዛፍ ዘንበል ማለት የጀመረ እንደ ሆነ፥ ግንዱ በመጥረቢያ ጀርባ ሲመታ እንደ ከበሮ የሚጮህ እንደ ሆነ፥ ከሥሩ ዙሪያ እንጕዳይ የበቀለ እንደ ሆነ፥ ያን ጊዜ ሊፈሩት ይገባል። ይህ ሁሉ ሳይታይ ግን ዛፍ ትልቅ በመሆኑ ብቻ ሞት የሚፈረድበት ከሆነ፥ ግንብ ሁሉ ረጅም በመሆኑ ይፍረስ ማለት ነው። ደግሞም በመቍረጥና በመተው መካከል ብዙ መንገድ አለ። የደረቀውን ቅርንጫፍ ማውረድ፥ በቆርቆሮው ላይ የተዘረጋውን መከርከም፥ በሥሩ ዙሪያ አለመቈፈር ይቻላል። ጥድን አናቱን መግመስ ግን ማዳን አይባልም፤ ከላይ የተገመሰ ጥድ ዝናቡ በቍስሉ እየገባ ከላይ ወደ ታች ይበሰብሳል።

በቤት አጠገብ የቆመው፥ ምልክቱም የታየበት ባሕር ዛፍ ይቈረጥ፤ ለዚህ የሚከራከርለት የለም፤ ሲተከልም ለመቈረጥ ተተክሎአል። ነገር ግን አቈራረጡ ሌላ ጉዳይ ነው። በየመንደሩ የሚታየው፥ አንድ ሰው ከግርጌው ይጋዛል፤ ዐሥር ጎረምሳ በገመድ ይጎትታል፤ ሕፃናት ቆመው ያያሉ። ዛፉ ግን ለገመድ አይታዘዝም፤ ክብደቱ ወደሚያዘነብልበት ይሄዳል፤ የጎረቤትን ቤትና የመብራት ሽቦን ይዞ የሚወርደውም ስለዚህ ነው። በቤቶች መካከል ያለ ታላቅ ዛፍ የሚወርደው ከጫፉ ጀምሮ ነው፤ የሚያውቅ ሰው ወጥቶ ራሱን በገመድ አስሮ፥ ቅርንጫፉን በተራ፥ ግንዱንም በቍራጭ እየለየ በገመድ ያወርደዋል፤ አስቀድሞም የመብራቱ መስመር ይቋረጣል፤ ዝናብና ነፋስ ባለበት ቀን ሥራው አይጀመርም። ይህ ዋጋው ይበዛል ይባላል። እውነት ነው፤ ይበዛል። ድኻይቱ እናት ልትከፍለው አትችልም፤ እንግዲህ ከተማው ይክፈልላት። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ሦስቱም ከተሞች በሸገር ከተማ ሥር ስለ ተጠቃለሉ፥ ለዚህ የሚሆን ሰው ማሰናዳት ለአንድ ታላቅ ከተማ ከባድ ሸክም ሊሆን አይገባም።

ከሁሉ የሚከፋው ግን በግልጥ የሚቈርጠው ሰው አይደለም። ሌላ ሰው አለ፤ ጨረቃ ቤት በሌሊት እንደሚሠራ ሁሉ ዛፍንም በስውር የሚገድል ነው። ቅርፊቱን ዙሪያውን ይልጠዋል፤ ወይም በሥሩ እሳት ያነድዳል፤ ወይም የተቃጠለ የመኪና ዘይት ያፈስስበታል። ከዚያም ዛፉ ቅጠሉን ሲያራግፍ፥ «ደርቆአልና ይቈረጥልኝ» ብሎ በትሕትና ያመለክታል። ባለ ሥልጣኑም መጥቶ የደረቀ ዛፍ ያያል፤ ይፈቅዳል። የታየው የዛፉ ሬሳ ነው፤ ሊመረመር የሚገባው ግን የሞተበት ምክንያት ነበር። በሉቃስ ወንጌል በ13ኛው ምዕራፍ ያለው የወይን አትክልት ሠራተኛ ሦስት ዓመት ፍሬ ላላገኙባት በለስ እንኳ አንድ ዓመት ለመነላት፤ ሥርዋን ሊኰተኵትላት፥ ፍግም ሊያደርግላት። የዛሬው ሠራተኛ የሚያፈስሰው ዘይት ነው።

«አንዱን ቈርጠን ዐሥር እንተክላለን» የሚሉም አሉ። መትከል መልካም ነው። በሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአረንጓዴ ዐሻራ ሥራ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ እንደ ተተከለ መንግሥት አስታውቆአል፤ ሕዝቡም ከሕፃን እስከ ሽማግሌ በደስታ ወጥቶ ተክሎአል። ነገር ግን ችግኝ ብድር እንጂ ክፍያ ሊባል አይችልም። ዐሥር ሕፃናት ተወለዱ ተብሎ አንድ ሽማግሌ አይገደልም፤ ሕፃናቱም የሚያድጉት የሚጠለሉበት ሲኖራቸው ነው። ደግሞም ከዐሥሩ ስንቱ እንደሚጸድቅ የሚታወቀው ፎቶግራፍ አንሺው በሄደ ጊዜ ሳይሆን ሁለት በጋ ካለፈ በኋላ ነው። በግቢው ባሉት ሁለት ዛፎች መካከል ቤቱን ማስቀመጥ ይቻል እንደ ነበረ ለመጠየቅ ግን ችግኝ አያስፈልግም፤ እርሳስ ይበቃል። መንገድ ቀያሽ የመብራት ትራንስፎርመር ሲያጋጥመው መስመሩን ዞር ያደርጋል፤ የመቶ ዓመት ዝግባ ሲያጋጥመው ግን ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ትራንስፎርመር በገንዘብ ይተካል፤ ዝግባው አይተካም፤ ሰውም የሚተካውን ዞሮ የማይተካውን ያልፍበታል።

ሕጉስ? በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ኮሶን፥ ዋንዛን፥ ዝግባንና ጥድን በስም ጠርቶ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቈረጡ ከልክሎ ነበር። በኋላም በ1999 ዓ.ም. እና በ2010 ዓ.ም. ሌሎች የደን አዋጆች ተተክተዋል። አዋጅ ግን የሚያስበው ስለ ደን ነው፤ ደኑ አልቆ በግቢ ውስጥ ብቻውን የቀረውን ዛፍ ለማሰብ የሰው አእምሮ ያስፈልጋል።

ይህን ሁሉ ለባለ ቤቶች ብቻ መናገር ግን አድልዎ ይሆናል። የአገሪቱ ጥንታዊ ዛፍ ያልጠፋው ብዙ ጊዜ በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ነው፤ በሰሜን በኩል፥ ይልቁንም በደቡብ ጎንደር፥ ከሰማይ ፎቶግራፍ ያነሡ ሰዎች ቢጫ በሆነ እርሻ መካከል ክብ አረንጓዴ ደሴት የሚያዩት በየደብሩ ስፍራ ነው። የውጭ አገር ሊቃውንት ይህን ለማየት ባሕር ተሻግረው ይመጣሉ። በከተማ ያለ አንዳንድ ደብር ግን የአጥሩን ጥድ ጥሎ በስፍራው የሚከራይ ሱቅ ይሠራል፤ የሰበካ ጉባኤውም ሪፖርት ስለ ሱቁ ገቢ በዝርዝር ሲናገር ስለ ጥዱ አንድ ቃል አይጽፍም። «አባቶችስ ቤተ መቅደሱን የሠሩት በጥድና በወይራ አይደለምን?» ይባላል። አዎን፥ በጥድና በወይራ ሠርተዋል። ለመቅደሱ ምሰሶ የወደቀ ጥድ ግን እስከ ዛሬ ምሰሶ ሆኖ ቆሞአል፤ ለሱቁ የወደቀው ጥድ ለደላላ ተሽጦ የማን አጥር ቋሚ እንደ ሆነ የሚያውቅ የለም። ምእመናኑም አይተው ይማራሉ፤ ደብሩ የቈረጠውን ባለ ቤቱ ቢቈርጥ ማን ይገሥጸዋል?

ንዋያተ ቅድሳት በመዝገብ ይጻፋሉ፤ መስቀሉ፥ ጽናሑ፥ ከበሮውና ጸናጽሉ ከነቍጥራቸው ይታወቃሉ፤ አለቃ ሲለወጥም ተቈጥረው ይሰጣሉ። በሰበታ፥ በቡራዩና በሱሉልታ ያሉ አጥቢያዎች በዚያው መዝገብ አንድ ገጽ ጨምረው ዛፎቻቸውን ቢጽፉ የሚያወጡት ወጪ የቀለም ነው። የዛፉ ስም፥ የግንዱ ዙሪያ በክንድ፥ የቆመበት ወገን፥ የተከለውም ሰው ቢታወቅ ስሙ ይጻፍ። አለቃው ሲለወጥ ከጽናሑና ከጸናጽሉ ጋር ጥዱም ተቈጥሮ ይሰጥ፤ የጐደለ እንደ ሆነም ጽና ጐደለ እንደሚባለው ሁሉ ይጠየቅበት።